ስኮርታ የሌላት መኪና

መኪናዬን የገዛሁ ጊዜ ሻጩ የመቀመጫዋን ማሞቂያ ሳይቀር አንድ በአንድ አሳይቶኛል፤ ስኮርታ እንደሌላት ግን ትንፍሽ አላለም። የደረሰችበት ጓደኛዬ ናት። እንኳን ደስ ያለሽ ልትለኝ ከቶሮንቶ መሃል፣ ከሪጀንት ፓርክ፣ እኔ እስካለሁበት ዌስተን ድረስ መጣችና፣ ሌላ ሰው ቀለሟን አይቶ በሚመርቅበት ሰዓት እሷ ቀጥታ ወደ ኋላ ሄዳ ዕቃ መጫኛውን ከፈተች። ምንጣፉን ስትገልጠው ቅያሪ ጎማ ሊኖርበት በሚገባው ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ሚጢጢ የአየር መንፊያና ነጭ ሙጫ የያዘ ጠርሙስ ብቻ ተኝተዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲሶቹ መኪኖች እንዲህ ናቸው» አልኳት፤ እኔም ያወቅኩት ገና ያን ጊዜ መሆኑን ደብቄ። «ጎማ ከፈነዳ ኮል አደርጋለሁ፣ መጥተው ይወስዱኛል። ለዚሁ ብዬ አይደል በየዓመቱ የምከፍለው።»

«እነማን ናቸው የሚመጡት?»

«የመንገድ እርዳታዎቹ ናቸዋ።»

«አታውቂያቸውም ማለት ነው» አለችና ክዳኑን መልሳ ዘጋችው።

የእሷ አሮጌ መኪና ሌላ ዓለም ናት። ሙሉ ጎማ፣ ክሪክ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ከክረምት የተረፈ የበረዶ ማቅለጫ ጨው፣ ሁሉንም ይዛ ትዞራለች። አስቤዛ ስንገዛ ሽንኩርቱ የሚቀመጥበት ጠፍቶ እግሬ ሥር ይሆናል። ስነጫነጭ ትስቃለች። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ፣ ቅያሪ ጎማ የሌለው መንገድ አይውጣ ስትል እየሰማች ነው ያደገችው። እኔ ደግሞ ሰው ማስቸገር አልወድም። ከሰው ደጅ ቆሞ «እባክህ» ከማለት ከፍሎ መደወል ይሻላል ባይ ነኝ፤ ደውለህ፣ ቁጥርህን ተናግረህ፣ ታንኪዩ ብለህ ትለያያለህ። አገር ቤት ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታው ሳይደርስ አስር አዋቂ ይሰበሰብና አንዱ ድንጋይ ሲያስቀምጥ ሌላው ሾፌሩን ይሳደባል። እዚህ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም እያልኩ እኮራ ነበር።

ቶሮንቶ ከገባን ጀምሮ እኔና እሷ ያው ነን። መጀመሪያ አንድ ምድር ቤት ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን፤ ኋላ እሷ ሪጀንት ፓርክ ቤት ሲደርሳት እኔ ኢቶቢኮ ላለው የመጋዘን ሥራዬ እንዲቀርበኝ ዌስተን ገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ቤት ካለችው እህቷ ጋር ስታወራ ስልኩን ለእኔም ታቀብለኛለች። እትዬ እላቸው ነበር። ሁሌም ንግግራቸው አንድ ነው፤ «አደራ፣ ብቻዋን ናት። ቅርብ ለቅርብ ናችሁ አይደል?» እኔም «አዎ እትዬ፣ ጎረቤት ነን» እላቸዋለሁ። መንገዱ ከተጨናነቀ በመካከላችን ያለው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስነዳ ነው፤ ግን ይህን ለእሳቸው ምን ብዬ ላስረዳ።

አንድ የጾም አርብ ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። ጋሼ የእኔም የማንም ዘመድ አይደሉም፤ ግን እዚህ ከተማ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ሰላምታቸው አጭር ስለነበር ገና ሳይነግሩኝ ቁጭ አልኩ።

«የጓደኛሽ እህት አርፋለች። በድንገት ነው» አሉኝ። «ነገ ማለዳ፣ ሳትነሳ፣ ተሰብስበን እንነግራታለን። አንቺ ነሽ በሩን የምታንኳኪው። አንቺን ብታይ አትደነግጥም።»

«እሺ ጋሼ።»

«እስከዚያ ብትደውል እንዳታነሺ። ድምፅሽ ያሳብቅብሻል። ለቤተሰቦቿም እንዳያነሱ ነግሬያቸዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ምስር ወጥ መሥራት ጀመርኩ። ለእትዬ ያለቀስኩትን ያህል ለራሴም አለቀስኩ፤ እዚህ አገር ያለችኝ አንዲት ጓደኛ ናት፣ እሷን ደግሞ በገዛ ፊቴ አዘናግቼ በሩን ላስከፍታት ነው። እሷ ያን ማታ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቆሜ አየሁት።

ሊነጋጋ ሲል ዕቃ ጫንኩ። ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፤ የታሸገ ውሃ፣ የወረቀት ሰሃንና ኩባያ፣ ከላይ ደግሞ ጥለቱ ጥቁር የሆነውን ነጠላዬን አደረግኩ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ሁላችንም የምንይዘው ይህንኑ ነው። ስኮርታ ቢኖር ኖሮ ድስቱ ቦታ አያገኝም ነበር ብዬ ማሰቤም ትዝ ይለኛል።

ብላክ ክሪክ የሚባለው መንገድ ላይ ትንሽ እንደሄድኩ በረዶው የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶት ስለነበር አላየሁትም። የቀኝ የፊት ጎማዬ ጓ አለና መሪው እጄ ላይ ይንገዳገድ ጀመር። እንደምንም ብዬ አንድ የተዘጋ የሴራሚክ ሱቅ ደጅ ያለ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ አስገባኋት። ወርጄ ሳይ የጎማው ጎን ጣት በሚያስገባ ስፋት ተቀዷል። ሙጫውም መንፊያውም ለእንዲህ ያለው ነገር አይሆኑም፤ ጠርሙሱ ላይ ራሱ ተጽፏል።

ለመንገድ እርዳታው ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች።

«ደህና ቦታ ላይ ነሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«አዎ።»

«አብሮሽ ያለ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ሹፌራችን እስኪደርስ ሊመጣልሽ የሚችል ሰውስ?»

የምትጠይቀው ለሁሉም የምትጠይቀውን ነው፤ አውቃለሁ። ግን እዚህ አገር ጎማዬ ቢፈነዳ የምደውልላት አንዲት ሰው ነበረችኝ፤ ያን ቀን መርዶዋን ጭኜ የምሄደው ወደ እሷ ነበር። «የለም» አልኳት። ጠዋቱን ጥሪ ስለበዛ ሊቆይ እንደሚችል፣ ከመኪናዬ እንዳልርቅ፣ ሹፌሩ ሲቃረብ እንደሚደውልልኝ ነግራኝ፣ መልካም ቀን ተመኝታልኝ ዘጋች።

ለጋሼ ደወልኩ። ሁሉም ተሰብስበው ከጓደኛዬ ሕንፃ ዋና በር ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ያለ አንቺ አንገባም» አሉኝ። «የት ነው የቆምሽው? ሰው ልላክልሽ?»

ቦታውን ነገርኳቸው። «ሰው እንኳ አያስፈልግም፣ እየመጡ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ እየመጡ መስሎኝ ነበር።

ብርዱ እግሬን ሲይዘኝ ገብቼ ተቀመጥኩ። ስልኩ ሲጮህ ሹፌሩ ነው ብዬ ሳላይ አነሳሁት።

«አንቺ ሴት፣ በሕይወት አለሽ እንዴ?» አለች ጓደኛዬ። «ማታ ስደውል ስደውል።»

«ተኝቼ ነበር።»

ልክ ያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና መስኮቴን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

«የምን ድምፅ ነው? መንገድ ላይ ነሽ? ዛሬ ሺፍት የለሽም አይደል?»

ውሸት አይዋጣልኝም። ከተዋጣልኝም ለእሷ አይደለም። «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» አልኳት፤ ቢያንስ ይህ እውነት ነበር።

ስልኩ ውስጥ ሳቋ ፈነዳ። «አላልኩሽም? እነዚያ የማታውቂያቸው ሰዎችስ የት አሉ?»

«እየመጡ ነው።»

«ሎኬሽንሽን ላኪልኝ።»

«ተይ፣ አትምጪ። ብርድ ነው።»

«ምን ማለት ነው ተይ? እንቅልፍ ከሌሊት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። እህቴ ጋ ስደውል አያነሱም። ትናንትም አላነሱም። ኔትወርክ ነው፣ አይደል?»

«ይሆናል» አልኩ።

ሎኬሽኔን ላክሁላት። ባልልክ ትጠረጥራለች፣ ብልክ ትመጣለች፤ ወዲያም ወዲህም ያው ነው። ወዲያው ለጋሼ ደውዬ ስነግራቸው «በየት ወጣች? በሩ ላይ ነን እኮ» አሉ። መኪናዋ የምትቆመው ምድር ቤት ነው፤ መውጫው በጓሮ በኩል ባለው መንገድ ነው፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ እዚያ አልነበርኩም። ከዚያ «አፍሽን ያዢ። ተከትለናት እንመጣለን» አሉኝ።

እሷ ቀድማ ደረሰች። የሌሊት ሱሪዋን እንኳ አልቀየረችም፤ ከላይ ትልቁን የክረምት ካፖርቷን ደርባ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላዋለች። ሰላም ሳትለኝ የእሷን ስኮርታ አውርዳ እያንከባለለች አመጣችው። የመፍቻው እጀታ ላይ በእግሯ ቆማ ቡሎኖቹን አላላቻቸው፤ ክሪኩን ሥሯ አግብታ መኪናዬን አነሳቻትና ፈታቻቸው። የተቀደደውን አውልቃ የእሷን ልታስገባ ስትል ነው የቆመችው። የእኔ መኪና ቡሎን አምስት ነው፣ የእሷ ጎማ ብረት፣ የቸርኬው፣ ቀዳዳ አራት።

እስኪያንፈራፍራት ሳቀች። አስፋልቱ ላይ ተቀመጠችና ጎማውን አቅፋ ሳቀች። «መኪናሽም እንዳንቺ ናት» አለችኝ፤ «ከሰው አትገጥምም።»

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ ነበረኝ። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፋሁ፤ ብርድ መሰላት። «ነይ እኔ መኪና ውስጥ ሙቂ። ቆይ ግን መጀመሪያ ያቺን መንፊያሽን እንሞክራት፣ ምናልባት» አለችና፣ «ተቀዷል እኮ፣ አይሠራም» እያልኳት፣ ሳልደርስባት ዕቃ መጫኛውን ከፈተችው።

እጇ ክዳኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ድስቱን አየች፣ ውሃውን፣ የወረቀት ሰሃኑን፣ ነጠላውን። ነጠላውን ብድግ አድርጋ ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ውይ» አለች ቀስ ብላ። «ለቅሶ ልትሄጂ ነበር?»

«አዎ።»

«ማን ሞቶበት ነው?»

የተቀደደውን ጎማ በእግሬ ገፋ አደረግኩት። ሐዘን የያዘኝ መስሏት ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም? ብቻሽን ልትሄጂ? እኔም እመጣለሁ እንጂ። ካፖርቴ ጥቁር ነው፣ ሱሪዬን ማንም አያየውም። በእኔ መኪና እንሂድ፣ ያንቺን እነሱ ይውሰዷት።»

ይህን እያለች ነጠላውን ላዩ ላይ ጣል አድርጋ ድስቱን አነሳች። በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ደረቷ ላይ አስደግፋ ወደ መኪናዋ መውሰድ ጀመረች። የገዛ ለቅሶዋን ምግብ ተሸክማ ስትሄድ ከኋላዋ ቆሜ አየኋት። ዙሪያችን ያለው ባዶ ፓርኪንግና የሚያልፍ መኪና ነው። በምድር ላይ የዚያችን ሰዓት ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

«ቤቱ የት ነው?» አለች ሳትዞር።

«ሪጀንት ፓርክ።»

ሌላ ሰፈር መጥራት እችል ነበር። ኢቶቢኮ ብል ታምነኝ ነበር። አፌ ግን ያወጣው እውነቱን ነው።

«እኛ ሰፈር?» ዞረች። «የእኛ ሕንፃ እንዳይሆን ብቻ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ናቸው? ትናንት ሊፍት ውስጥ አግኝቻቸው ደህና ነበሩ እኮ። ወይስ ያ ተማሪው? ከእነሱ ሌላ ደግሞ ሐበሻ የለም። ከእነሱና ከ...»

አልጨረሰችውም። አየችኝ። እኔም አየኋት፤ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ፣ አላዞርኩም።

«ስልክ አያነሱም» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

ድስቱን አስፋልቱ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። ክዳኑ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዘፍ ስትል ሮጬ ያዝኳት።

መርዶ ለምን ሰው እንደሚበዛበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንዱ ሽማግሌ ይናገራል፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዛሉ፣ አንዱ ውሃ ያቀርባል፣ አንዱ ከመስኮቱ አጠገብ ይቆማል፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ያም ሥራ ነው። ሥራውን የከፋፈሉት አንድ ሰው ብቻውን ስለማይችለው ነው። እኔ ይዣት ወደቅኩ። ስትጮህ ጆሮዬ አጠገብ ነው። «እህቴን ነው? ንገሪኝ፣ እህቴን ነው?» ትለኛለች፤ «አዎ» ከማለት በቀር መርዶ ነጋሪ ከሚለው ቃል አንዱም አልመጣልኝም። ደረቷን ስትደቃ እጇን ለመያዝ እሞክራለሁ፣ እጇን ስይዝ ጭንቅላቷ ያመልጠኛል። አንድ መኪና ቀዝቀዝ አለና አይቶን አለፈ።

የመንገድ እርዳታው ከእነ ጋሼ ቀድሞ ደረሰ። ሹፌሩ ፂማም፣ ትልቅ ሰው ነው። ጎማ የሌላትን መኪና አየ፣ ሁለት ሴቶች አስፋልት ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አየ፣ ጠጋ ብሎም «አይዟችሁ፣ ጎማ ብቻ ነው» አለን። ለስላሳ አነጋገር ነበረው። ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችውና «ሶሪ» አለችው። ምን እንዳስቸገረችው እንጃ፤ ብቻ ይቅርታ ጠየቀችው።

እነ ጋሼ መንገዱ አዘግይቷቸው ኖሮ ኋላ በሦስት መኪና ሆነው ደረሱ። የጎደለ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ገና በሩ ሳይከፈት ጩኸታቸው ይሰማ ነበር፤ ፓርኪንጉ ለቅሶ ቤት ሆነ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የምታውቀውን ነገር፣ መነገር ስላለበት ብቻ፣ ቆመው በሥርዓቱ ነገሯት። አንዲቷ ነጠላዬን ከመሬት አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ሹፌሩ ወደ መኪናው ተመልሶ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ወዲያው ደግፈው ወደ ትልቁ መኪና ወሰዷት። ቁልፏን አንዱ ተቀብሎ መኪናዋን ሊያመጣላት ገባ፤ ድስቱም ውሃውም ተጫነ። ቦታ ሁሉ ሞልቷል። ጋሼ አለፍ ሲሉ «አንቺ መኪናሽን አስረክበሽ ድረሺብን» አሉኝ። አልወቀሱኝም፣ አላጽናኑኝም፤ ሐዘንተኛዋ እኔ አይደለሁማ።

በሩ ሊዘጋ ሲል በሴቶቹ መሃል ፊቷን አየሁት። ዐይኗ አብጦ ልትከፍተው አልቻለችም፤ የምትፈልገው ግን እኔን ነበር።

«አንቺስ በምን ትመጪያለሽ?» አለችኝ።

ሳልመልስላት በሩ ተዘጋ። ሦስቱም መኪኖች የእሷን አስከትለው ወጡ። ፓርኪንጉ እንደ ቅድሙ ሆነ። የማይገጥመው ጎማዋ መኪናዬን ተደግፎ ቀርቷል።

ሹፌሩ ወርዶ መኪናዬን ሰንሰለት አስገባላት። እንዳልቸኩል አውቆ ነው መሰለኝ ቀስ ብሎ ነበር የሚሠራው። ጎማውን አንስቶ «ይሄም ያንቺ ነው?» አለኝ፤ የጓደኛዬ ነው አልኩት፤ እሱንም ጫነልኝ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀና፣ የመኪናው ጋቢና ውስጥ እንድገባ በሩን ከፍቶልኝ፣ ቅድም ልጅቷ የጠየቀችኝን ጠየቀኝ።

«ሊመጣልሽ የሚችል ሰው አለ?»

«መጥታ ነበር» አልኩት።